አንድ የቀረ እግር

«በል ውጣ እንጂ!» አለች ልጅቷ፣ በብሎን መፍቻ ቺፑን ከሬዲዮው ቦርድ ላይ እየፈነቀለች። ከአሥራ ስድስቱ የብረት እግሮቹ አንዱ ገና በብየዳው እንደተያዘ አላየችም። ቀጭ አለ። ቦርዱ ላይ የተለጠፈው የመዳብ መስመር ከእግሩ ጋር ተልጦ ተነሣ፤ ቦርዱም መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ።

ቪዲዮ ስትቀርጽ የነበረችው ጓደኛዋ ስልኳን ዝቅ አደረገች። «ወይኔ፣ ጉድሽ ፈላ!»

የኤሌክትሮኒክስ መምህራቸው ጠዋት ነግሯት ነበር። ቺፑ ተቃጥሏል፤ እግሮቹን ቆራርጠሽ አንድ በአንድ ልቀሚያቸው፤ መትረፍ ያለበት ቦርዱ ነው ብሏት ነበር። እሷ ግን ክፍሉ ሁሉ «እጀ ወርቅ» ሲላት ልቧ አብጦ፣ የሞተውን ቺፕ ሙሉውን አውጥታ ልትታይ አማራት።

ሁለት ቀን ሙሉ የተላጠውን መስመር በቀጭን ሽቦ ስትቀጣጥል ከረመች። ሬዲዮው ትንፍሽ አላለም። መምህሩም ቦርዱን አገላብጦ አየና «ተዪው፣ አብቅቶለታል» አላት።

ሬዲዮው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ንብረት ነው። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ብቻቸውን ሲቀመጡ የሚያጫውታቸው እሱ ብቻ ነበር።

«ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» አለች ልጅቷ ከጓደኛዋ ጋር ወደ በሩ ሲሄዱ።

«ውሃ ገብቶበት ነው በያቸው። በምን ያውቃሉ? አታካብጂ ባክሽ!»

ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ብድግ አሉ። «እህ፣ እጀ ወርቅ! ተናገረልሽ?»

ልጅቷ ሬዲዮውን ዘረጋችላቸው። ጓደኛዋ ቀደመቻት።

«ጋሼ፣ ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ምንም ማድረግ አልተቻለም።»

«ውሃ?» ዘበኛው ሬዲዮውን ተቀበሉ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያ ያቺ የልጅ ልጄ ናት። ጠረጴዛው ላይ ውሃ ደፍታ፣ ‹ውሃው ሬዲዮውን አልነካውም› ብላ ማለችልኝ። እኔ ጅሉ ደግሞ አመንኳት! ቆይ፣ ቤት ልግባ፤ አሳያታለሁ።»

ጓደኛዋ እጅጌዋን ጎተተቻት። ደወሉ ተደውሏል፤ ተማሪው ወደየክፍሉ እየገባ ነው።

ልጅቷ ጥቂት ተራመደች። እውነቱን ብትናገርም ሬዲዮው አይነሣም። ጓደኛዋ ትቀየማታለች፣ ነገ ደግሞ ወሬው ክፍሉን ያዳርሳል፤ ከእንግዲህ ዕቃውን አምኖ የሚሰጣት የለም። ያቺ ትንሽ ልጅ ግን ማታ በር ተከፍቶ አያቷ ሲገቡ፣ እንደ ሁልጊዜው ሳትፈራ ሮጣ ልትቀበላቸው ትችላለች።

ዞራ ተመለሰች። ጓደኛዋ «እብድ ነሽ!» ብላት ብቻዋን ገባች።

«ጋሼ፣ ውሃ አይደለም። እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

ዘበኛው ሬዲዮውን መልሰው ዘረጉላት። «ታዲያ ትጠግኚዋለሻ?» አሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ።

ቁጣቸው ይሻላት ነበር።

«አይጠገንም፣ ጋሼ» አለች። «የልጅ ልጅዎ ግን አልዋሸችዎትም።»