«ጀማልኮ» ብሎ የጠራኝ ድምፅ

አጎቴ ጂኒ አየሁ ብሎ ሦስት ቀን ሲተኛ፣ ወባ ነው ብዬ ኪኒን የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ወላሂ፣ ይህን ነገር እኔ ፈልጌ አላመጣሁትም፣ ራሱ ነው የመጣብኝ፣ ያውም በቀን።

በደርግ ጊዜ ነው። ጅማ አካባቢ፣ ከሰቃ ወዲያ፣ ወንዙን ወደ መንግሥት የቡና ማጠቢያ ለማሻገር ኮረብታ ሥር ዋሻ ይቆፈር ነበር፣ እኔ የዕቃ ግዥ ሠራተኛ፣ ግርማ ደግሞ መሐንዲሱ። ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ክርስቲያን ሆኖ ረመዳን ሲገባ አብሮኝ ያፈጥር ነበር። ከኦሮምኛ አጥብቆ የያዘው «ኮ»ን ብቻ ነው፣ «የኔ» ማለት ነው፣ ከኔ ስም ላይ ለጥፎ «ጀማልኮ» ይለኝ ነበር። ከሱ በቀር እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረም።

የዋሻውን ጣሪያ ለሚደግፈው ምሰሶ ያዘዝነው ደረቅ ጥድ ነው። አቅራቢው ያራገፈልን ግን ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ፣ በጥፍርህ ስትጫነው ውሃ የሚተፋ፣ አልረከብም አልኩ። የዕቃ መረከቢያው ቅጽ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ላይ ከፈረምክ ዕቃውን አይቼ ደህና ነው ብዬ ተቀብያለሁ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢወርድ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ግርማ እራት ላይ ለመነኝ፣ የአብዮት በዓል ሳይደርስ ዕቃው ገባ ብዬ ሪፖርት ካላደረግሁ አለቀልኝ፣ ጥዱ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ይከመራል፣ አንድ ሰው ከሥሩ አላስገባም አለኝ። የሞት ሞቴን ፈረምኩ። ሌላ ሰው ቢለምነኝ እጄን አላነሳም ነበር፣ እመነኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሥራው ቦታ ሄድኩ፣ ዝናብ ይወርዳል፣ እንጨቱ ከግቢው የለም። ካቦው አባ ፊጣ ሽማግሌ ናቸው፣ የት ገባ ብዬ ስጠይቃቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«አንተው ደህና ነው ብለህ የፈረምክበትን ወረቀት ግርማ አሳየን እኮ፣ አቆምነው» አሉኝ።

ክው አልኩ። አሥራ አራት ሠራተኞች ውስጥ ናቸው። ላስወጣቸው ፋኖስ ይዤ ገባሁ፣ አባ ፊጣም ተከተሉኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ጠብታ ነው፣ ቀጥሎ እንጨቱ በቀስታ ሲንቋቋ፣ ይህ እንኳ የሚጠበቅ ነው። ሠራተኞቹ ጋ ስደርስ ግን ጠብታውም መዶሻውም አንድ ላይ ዝም አለ፣ አልዋሽህም፣ ጆሮዬ ሥር ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ሰማሁ፣ ዞር ብል አባ ፊጣ ገና አሥር እርምጃ ይቀራቸዋል። ያኔ ከመግቢያው በኩል ግርማ ተጣራ።

«ጀማልኮ! ይዘሃቸው ውጣ!»

እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁሉም ሰምተዋል፣ መዶሻቸውን ጥለው ሮጡ። የመጨረሻው ሰው ከመውጣቱ ምሰሶው ተራ በተራ ይሰበር ጀመር፣ አፈሩም መግቢያውን ደፈነው። ንዴቴን ሁሉ ረስቼ ግርማን ላቅፈው ዞርኩ። የለም። ጭቃው ላይ ከኔ መኪና በቀር የሌላ ጎማ ምልክት አልነበረም፣ ከኛ በቀር የሰው ዱካም ፈልገን አጣን።

ጅማ ቢሮ ስደርስ ሠራተኛው ሊወጣ ነው። የመዝገብ ቤቷ አስካለ ወደ ጥግ ሳበችኝና የአንድ ደብዳቤ ቅጂ አሳየችኝ፣ ጽሕፈቱ የግርማ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሷ ማኅተም መትታ ዋናውን ወደ ላይ ልካዋለች። «ጓድ ጀማል በተረከበው እንጨት ስለተሰበረው ድጋፍ» ይላል። አሻጥር የሚል ቃልም አለበት፣ ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር። አየህ፣ «ሊሰበር ስለሚችለው» አይልም፣ «ስለተሰበረው» ነው የሚለው፣ የተሰበረው ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የሞቱትንም ቁጥር ጽፏል፣ አሥራ ስድስት። ሠራተኞቹ አሥራ አራት ናቸው፣ እኔና አባ ፊጣ ስንጨመር አሥራ ስድስት፣ እንደምንገባ ደግሞ እኛም አናውቅም ነበር። ግርማ ዛሬ የት ዋለ አልኳት። ስብሰባ ላይ፣ ከፊቷ፣ ቃል ሳይተነፍስ መዋሉን ነገረችኝ።

ቤት ስገባ አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። አራት ዓመት አብሬህ በልቼ እንዴት ትሸጠኛለህ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፣ ድምፁ ሲጮህ እንደዋለ ሰው ተዘግቷል፣ በሹክሹክታ ነው የጠየቀኝ።

«ሁላችሁም ወጣችሁ?»

እኔ ስለ ዋሻው ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። ማን ነገረህ ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ሊወስዱኝ ሲመጡ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው፣ በጣቱም እኔን አሳያቸው። መኪናው ላይ ሲያወጡኝ ዞር ብዬ አየሁት፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ በሙሉ አፉ «ጀማልኮ» ብሎ እየተጣራ ነበር፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር። ምንም ድምፅ አልወጣውም።