የጋሽ ውብነህ ግራ ጡት

ጋሽ ውብነህ ቅቤ ነጋዴ ነው፤ በጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ ከትቶ፣ የከረመውን ከታች ለጋውን ከላይ እያደረገ ሲለቀልቅ ይውላል። ታዲያ ግራ ጡቱ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጥታ፣ እያደር ቢጫ ነገር ማንጠባጠብ ስትጀምር፣ ሽታውን ከቅቤው ማን ይለይበታል? ሸሚዙ ደረቱ ላይ ይጣበቅና ሲላቀቅ «ጭቅ» ይላል። እሱ እቴ፣ የጡት በሽታ የሴት ነው ብሎ አፍሮ ይደብቃል!

የሚስቱ የእማዋይሽ አፍንጫ ግን የዋዛ አይደለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?»

«ቅቤው ነዋ።»

«ቅቤ ስትሸት ነው የኖርከው። ይሄ የሬሳ ነው!»

ሬሳ ስትል ታረቀኝ ትዝ አለው። ታረቀኝ ዘመድ የሌለው፣ ጺማም የገበያ ተሸካሚ ነበር። የጡት ልጅህ አድርገኝ ብሎ ለምኖ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የጋሽ ውብነህ ጡት ማር ተቀባና፣ ሰውዬው እንደ ወጉ መጀመሪያ ሳም አደረገው፤ ከዚያ ተስገብግቦ ሲጠባ፣ ምራቁና ማሩ ተቀላቅሎ እስከ እምብርት ሲወርድ፣ ያየ ሁሉ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ውብነህ ደሞ መች ልጅ ፈልጎ! ጉልበቱን በነጻ ፈልጎ ነው እንጂ። ታረቀኝ ወገቡ ተሰብሮ ሲተኛበት እህል ከልክሎ ጓሮ ጣለው፤ እዚያው «አባዬ፣ ራበኝ» እንዳለ ሞተ።

እብጠቱ ከዚያ ወዲህ ነው። ዝናብ ጥሎ ሱቁ ሲጨልምና ቆርቆሮው ሲንጫጫ፣ ከሸሚዙ ስር የሆነ ነገር፣ ጥጃ ላሟ ስር እንደገባ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ ያደርገዋል። ገልጦ ሲያይ ጫፉ በምራቅ ርሶ፣ ቆዳው ተጨማዶ፣ አንዲት ጥቁር የጺም ጸጉር ተለጥፋበታለች።

እማዋይሽ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ዶክተሯ ዳሰሰችው።

«አባባ፣ ወንድ ልጅም'ኮ ጡት አለው፤ ይታመማል፤ ይገድላልም። ምነው እስካሁን ቆዩ?»

ቆርጣ አወጣችለት። ቁስሉ ሻር ሲልና ሲወጣም «በቃ፣ ተገላገሉ» አለችው። የተቆረጠውን፣ ቅቤ የመሰለ ስብ ከጎኑ የተንጠለጠለበትን ሥጋ፣ ዓይን በሚያቃጥል ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ዘፍቀው፣ ከተማው ወዲያ ጫፍ ላቦራቶሪ ራስዎ ያድርሱት ብለው አስታቀፉት።

ላስቲኩ በዝናቡ ምክንያት ተጋርዶ ባጃጁ ውስጥ ጨልሟል፤ ጋቢው ስር የያዘው ጠርሙስ ለብ አለው። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ምጥጥ፣ ምጥጥ። ማር ማር የሚል፣ የገማ ትንፋሽ ከጋቢው ስር ሸተተው፤ ቢሆንም፣ ከእኔስ ወርዷል ብሎ ጥርሱን ነክሶ ደረሰ።

ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላበጠችው።

«አባባ፣ ይሄ'ኮ ባዶ ነው። ምነው፣ የተላሰ ይመስላል?»

ጋሽ ውብነህን ግን ጋቢው ስር፣ በደህናው በቀኝ ጡቱ በኩል፣ ጺማም አፍ እንደ ወጉ መጀመሪያ ሳም አድርጎት ነበር።