ናትናኤል አንኮበር የወጣበት ጥያቄ

በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ፣ ከባሕር ጠረፍ ከመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጋር አንድ ጥቁር እንግዳ አንኮበር ደረሰ። ስሙ ናትናኤል ነው። ተወልዶ ያደገው ከውቅያኖስ ማዶ፣ አባቱ በባርነት ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ በኖሩባት ደሴት ነበር። አማርኛን ኢየሩሳሌም ካሉ የሐበሻ መነኮሳት ተምሯል።

በቀጥታ የሄደው ወደ መጽሐፍ መምህሩ ወደ አለቃ ገብረአማኑኤል ቤት ነው።

«በአገሬ ያሉ ሰባኪዎች፣ ‹ጥቁር ሰው በካም ርግማን ለባርነት ተፈጠረ› ይሉናል» አለ። «እናንተ ጥቁር ሆናችሁ መጽሐፉን ስንት ዘመን አነበባችሁት! እናንተ ዘንድ ምን ይላል? መልሱን ጽፌ ለወገኖቼ ላደርስ ነው የመጣሁት።»

የአለቃ ዓይን ደክሟል። «ንጋቷ፣ አንብቢለት» አሉ።

ልጃቸው ንጋቷ ብራናውን ገለጠች። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ግእዙን አነበበች፤ ቀስ ብላም ተረጎመችለት። ርግማኑ የወደቀው በካም ልጅ በከነዓን ላይ እንጂ የጥቁር ሕዝብ አባት በሆነው በወንድሙ በኩሽ ላይ አልነበረም።

ናትናኤል መጻፉን ተወ። ቀና ብላ ስታየው ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወንድ ልጅ ለአንዲት መስመር ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ መምጫው ሲደርስ ዓይኗ ከደጅ አልነቀል አለ።

እሱም እስከ ፋሲካ ድረስ ተመላለሰ።

«ይህን ገጽ እኮ ትናንት አንብቤልዎት ነበር» አለችው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ድምፅሽን ግን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

ንጋቷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ ዘመድ ስለሌለው ራሱም አብሮ መጣ። የንጋቷ አጎት ባላምባራስ ወልደጻድቅ፣ «ሰባት ቤት ይቁጠር» አሉ።

ናትናኤል ተነሥቶ ቆመ። «አባቴ ቶማስ። የአባቴን እናት ከአፍሪቃ በመርከብ ወሰዷት፤ ስሟን እንኳ አላስቀሩልንም። ከዚያ ወዲያ የለኝም።»

ጠላ ይዛ የገባችው፣ በአለቃ ቤት የምትኖረው በሰለች በቆመችበት ደርቃ ቀረች።

«እኔም ከእናቴ ወዲያ አላውቅም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

ናትናኤል ዞር አለ። «ዘመዳችሁ መስላኝ ነበር።»

«ምን ዘመድ! በገንዘብ የተገዛች ናት እንጂ» አሉ ባላምባራስ።

ናትናኤል አለቃን አያቸው፤ አለቃ አቀረቀሩ። ንጋቷን አያት። «እስከ ዛሬ ስታነቢልኝ አንቺስ አትሰሚም ነበር?» ብሏት ወጣ።

በሰለች ንጋቷን አዝላ ያሳደገች ናት። ንጋቷ ግን የት እንደተወለደች አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት አታውቅም። ከናትናኤል መለየት ይልቅ ይህ አንገበገባት። በማግስቱ አባቷ ፊት ተንበረከከች።

«አባዬ፣ ያነበብነው እውነት ከሆነ በሰለች በምን ፍርድ የእኛ ሆነች?»

«ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም» አሉ አለቃ። «እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን አስመስክረው በሰለችን አርነት አወጧት።

ናትናኤል ግን ወደ አገሩ ሊመለስ፣ ነጋዴዎች ወደ ባሕር ጠረፍ ወደሚነሡበት ወደ አልዩ አምባ ወርዶ ነበር። ንጋቷና አባቷ በበቅሎ ሲደርሱ ግመሎቹ ተጭነዋል። አለቃ ከዛፍ ጥላ ሥር ቀሩ፤ እሷ ብቻዋን ቀረበችው።

«በሰለች አርነት ወጣች።»

«እኔን ለማስቀረት ብላችሁ ነው?»

«አይደለም። አንተ ብትሄድም ወጥታለች።»

አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አጎትሽስ?»

«ከሰርጉ አልገኝም ብለዋል። አባቴም ‹እንግዲያው ጠጁ ይበቃናል› አሉ።»

ናትናኤል ሳቁን ዋጠ። «በሰለች ራሷስ ምን አለች?»

«በማግስቱ ፀሐይ እስኪሞቅ ተኛች። ስትነሣ ‹ዛሬ ውኃ አልቀዳም› አለች።»

«ታዲያ ማን ቀዳ?»

ንጋቷ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። የእንስራው ማዘያ የላጠው ቦታ ቀልቶ ይታያል።

«እኔ። ግማሹም መንገድ ላይ ፈሰሰብኝ።»

ናትናኤል ትከሻዋን አየ፤ ፊቷንም አየ። ከዚያ ወደ ግመሉ ዞረና ጭነቱን ያራግፍ ጀመር።