በእጅጌው ላይ የነበረው ነጭ ዱቄት

የልጇን ቱታ ስታጥብ እጅጌው ላይ ነጭ ዱቄት አይታ ነበር። ያልለቀቀ ሳሙና መስሏት ደግማ አለቀለቀችው። በማግስቱ ልጇ ትንሿን አውሮፕላን አስነስቶ ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቅ ሞተሩ ዘይቱን አፍስሶ ቆመ፤ አውሮፕላኗም ከነልጇ ቋጥኝ ላይ ወደቀች።

ልጇ ሲያስል ታመመ፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ መጣ እያለች የኖረች እናት ናት። ልጇና አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሁለቱም ሳይገቡ በር ቆልፋ አታውቅም። ያን ሁሉ ስትፈራ ኖራ፣ ያልፈራችው ዱቄት ልጇን ቀማት።

የአደጋው መርማሪ ሟቹ ይሠራበት ወደነበረው የአውሮፕላን ጥገና ወርክሾፕ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት፤ የያዘችውን ዕቃ ሁሉ በመዳፏ የመመዘን ልማድ አላት። ከስብርባሪው መሐል የተለቀመውን የዘይት ቱቦ መገጣጠሚያ አነሳች። ብርማ ነው፤ የብሎን ጥርሱ በነጭ ዱቄት ተሞልቷል፤ ጠርዙ ላይ የተፋቀው ግን ቢጫ ያሳያል።

«ለመጠኑ ከበደኝ» አለች።

መገጣጠሚያው የሚታሰርበት አዲስ የዘይት ማቀዝቀዣ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ከአራት ወር በፊት ነበር። አጠገቡ ሊደርሱ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ዋና መካኒክ የሆነው የእናትየው ወንድም፣ የዕቃ ቤት ኃላፊዋ፣ እንዲሁም ብረት በሚቆርጥበት ማሽን ስም «ቶርኖ» የሚሉት ሰው። ቶርኖ ከሟች ጋር ተጣልቶ ዝቶበት ስለነበር ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ሰኞ ሊታሰር ተወስኗል።

መርማሪዋ በዕቃ ቤት ኃላፊዋ ጀመረች።

«ለማቀዝቀዣው ምን አወጣሽ?»

«አንድ የአሉሚኒየም መገጣጠሚያ። ማቀዝቀዣው አሉሚኒየም ስለሆነ ሌላ ብረት እንዳይገባበት መመሪያው ይከለክላል። ጋሼ መካኒክ ፈርመው ወሰዱ።»

«ቢበላሽባቸውስ?»

«የተበላሸውን ያሳዩኛል፣ አዲስ እሰጣለሁ። ሳላይ አልሰጥም። 'ካዝና' ይሉኛል፤ ይበሉኝ!»

ቶርኖ ማሽኑን አጥፍቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«የጠረጠራችሁኝ ያ ቢጫ ብረት ናስ ሆኖ፣ ናስ የምቆርጠው እኔ ስለሆንኩ ነው? እንዲያ ከሆነ ዳቦ የሚቆርጠውንም እሰሩት!»

«ዝተህበታል።»

«መሰርሰሪያዬን ሰብሮብኝ 'ታገኛታለህ' አልኩት። ካዝናንም በሳምንት ሦስቴ እላታለሁ፤ ይኸው በሕይወት አለች።» ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። «መሰርሰሪያውን ሊገዛልኝ ነበር፣ እህቴ። ከበረራው በነጋታው።»

«ማቀዝቀዣው ጋ መቼ ደረስክ?»

«ጋሼ ገጥመው ቀይ መስመራቸውን ካሰመሩ በኋላ፣ በማግስቱ።»

መካኒኩን ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ይዟቸዋል።

«ቀይ መስመሩ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«አጥብቄ ስጨርስ ከመገጣጠሚያው እስከ ማቀዝቀዣው በቀለም አሰምራለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ከፈታው መስመሩ ይሰበራል።»

«ብረቱንስ በምን ለዩት?»

ከኪሱ ማግኔት አወጣ። «ነጭ ሆኖ ይህ ካልሳበው አሉሚኒየም ነው። እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው።»

መርማሪዋ ማግኔቱን ተቀብላ በመዳፏ መዘነችና መለሰችለት። ከዚያ የመሣሪያ ሣጥኑን ለማየት ፈቃድ ጠየቀች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ወርክሾፑ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየው ጥቁር ለብሳ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። መርማሪዋ የተሰበረውን ማቀዝቀዣና መገጣጠሚያውን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች።

«ይህ ብር የመሰለው ናስ ነው፤ ኒኬል ተለብጦ ነው የነጣው። ናስና አሉሚኒየም ተነካክተው የባሕር እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። በአራት ወር ውስጥ የማቀዝቀዣው ጥርስ አለቀ፣ መገጣጠሚያው ተነቀለ፣ ዘይቱ ፈሰሰ።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። «ዱቄቱን አጠብኩት። በእጄ አጠብኩት እኮ!»

«እርስዎ ሊያውቁ አይችሉም፣ እናቴ።» ቀጠለች፦ «ናሱ መቼ ገባ? ቀዩን መስመር እዩት። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው አንድ መስመር ነው፤ አልተሰበረም፣ ተደግሞም አልተቀባም። ስለዚህ ከተሰመረ በኋላ ማንም አልፈታውም። ቶርኖ የደረሰው በማግስቱ ነው፤ እሱ አይደለም። ከዕቃ ቤት የወጣው ደግሞ አሉሚኒየም ነው።» ከኪሷ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። «እሱም ይኸው፣ ጥርሱ ተበላሽቶ። ያገኘሁት ከጋሼ ሣጥን ሥር ነው።»

ሁሉም ወደ መካኒኩ ዞሩ።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ መካኒኩ። «ዓመት ሆኖታል። ጥርሱን አበላሸሁት። ለካዝና ባሳያት 'ሽማግሌው አበቃለት' ይባላል ብዬ ከአሮጌ ፓምፕ ላይ ሌላ ፈታሁ። ማግኔቱ አልሳበውም። በመዳፌ ብመዝነው ኖሮ...»

«ያ ስሕተት ነው» አለች መርማሪዋ። «ከስብርባሪው ላይ ቢጫውን ካዩ በኋላስ?»

«ዝም አልኩ።»

ቶርኖ አንገቱን ደፋ።

እናትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። «ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ዱቄቱን አላሳየህም?»

«አሳየኝ። 'ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?' ብሎ ከማቀዝቀዣው ላይ በእጅጌው ጠረገልኝ። አቧራ ነው አልኩት።»

እናትየው ወንበሯን ከእሱ አራቀች። የወንበሩ እግር ሲሚንቶውን ሲፍቅ ሁሉም ሰሙት። ጥቂት ቆይቶ መርማሪዋ መካኒኩን ይዛው ወጣች።

ቶርኖ እናትየውን ደጇ ድረስ ሸኛት።

«ልደር እንዴ፣ እማማ?»

«ግባ ወደ ቤትህ፣ ልጄ። እናትህ ትጨነቃለች።»

ፀሐይ ገብታለች። ከበሩ ኋላ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ተቀምጧል፤ አንዱ የልጇ፣ አንዱ የወንድሟ። እንደ ልማዷ ኮቴ እየጠበቀች ጥቂት ቆመች። ከዚያ በሩን ዘጋችው፣ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው።