ግማሽ ጎፈር

«ጭመቂው፤ ሳይቀዘቅዝ ጭመቂው» አለች ጠቅላይ።

«እየጨመቅኩ አይደል እንዴ? አንቺ ነይና ሞክሪው፤ እጄ ተላጠ» አለች ጎፈር።

የተቀቀለው ተልባ በአክስቷ አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ አብጦ ተንጠልጥሏል። ተልባ ከእሳት እንደወረደ ካልተጠለለ ጉድ ነው፤ ከቀዘቀዘ ፍሬውና ልሃጩ ተያይዞ በምንም አይላቀቅም። ጎፈር ይህን የተማረችው በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ድስት ሙሉ ደፍታ ነው። አሁን ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ነገ ቅዳሜ ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር። ያላትን ጉልበት ሁሉ አሰባስባ ስትጨምቀው ስቶኪንጉ ጧ አለና ግማሹ የጸጉር ጄል ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች አክስቷ በበሩ ብቅ ብላ።

«ግድግዳውም ይመርበት ብለን ነው፣ እቴቴ» አለች ጠቅላይ፤ ሦስቱም በሳቅ ወደቁ።

ሁለቱም የሚጠሩት በክፍል ስማቸው ነው። ጠቅላይ ስሟን ያገኘችው ሰው ማዘዝ ስለምትወድ ነው፤ መምህር እንኳ ቢሆን ከማዘዝ አትመለስም። ጎፈር ደግሞ በጸጉሯ። አራተኛ ክፍል ሳለች ከኋላዋ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ሰሌዳው በጎፈር ተጋረደብኝ» ካለ ወዲህ ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣብቆባት ቀረ። ያን ቀን ቤቷ ገብታ አልቅሳለች። ጸጉር ሠሪዋ አክስቷ በየሁለት ሳምንቱ በፔስትራ ስትተኩሳት ጆሮዋ እየተለበለበ ዝም የምትለውም ለዚህ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ግን የአክስቷ ፔስትራ ተቃጠለ። አዲስ እስኪገዛ ጎፈር ጸጉሯን ራሷ እያጠበች ከረመች። አንድ ቀን ታዲያ በመስታወት ፊት ስታልፍ ከማጅራቷ በኩል ጣት የሚያህል ጥቅልል ወርዶ አየች። ሳበችው፤ ተዘረጋ። ለቀቀችው፤ ተመልሶ ተጠቀለለ። ደግማ ሳበችው። ዐሥራ አራት ዓመት በገዛ ራሷ ላይ የኖረ ነገር ነው፤ አንድም ቀን አላየችውም። ደስታው አላስችል ብሏት በማግስቱ ለጠቅላይ ነገረቻት። ጠቅላይም ሳትውል ሳታድር «በቃ፣ ፕሮጀክታችን ይሄ ነው» ብላ አወጀች።

ሙከራው ቀላል ነው። የጎፈር ራስ ከመሀል ለሁለት ይከፈላል። ታጥቦ ሳይደርቅ ቀኙ የተልባ ጄል ይቀባል፤ ግራው ምንም አይነካውም። ሲደርቅ እያንዳንዱ ወገን ምን ያህል እንደተንጨባረረ ከጆሮዋ በላይ እስከ ጸጉሯ ጫፍ በክር ይለካል። በየሳምንቱ ግራው ዐሥራ ዘጠኝ ሃያ ሴንቲ ሜትር ይነፋል፤ ቀኙ ዐሥራ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ደብተራቸው ሁሉንም ይዟል። ጄሉን ከማቀዝቀዣ ውጭ ረስተውት የከረሙበት ሳምንት እንኳ አልተዘለለም፤ «ሦስተኛ ሳምንት፦ ሸተተ» ይላል።

አንደኛ የወጣ ቡድን ክረምቱን ሁለት ሳምንት በእውነተኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራል። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፤ ማይክሮስኮፕ ይሰጠዋል። የትምህርት ቤታቸው ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጎፈር አንዲት የጸጉር ዘለላ ቀርባ የምታይበትን ቀን እያሰበች እንቅልፍ እምቢ ካላት ሰነበተች።

ከግድግዳ የተረፈው ጄል በቃት። ታጠበች፤ ቀኟን ተቀባች፤ ደረቀላት፤ ሻሿን አስራ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ሻሹን ስትፈታ ቀኝ ወገኗ ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ አምሮ ነበር። ጥቅልሎቹ ለየብቻቸው ተደርድረው፣ ሲነቀንቋቸው እየዘለሉ። በደስታ ጮቤ ረገጠች። ክሩን ይዛ ለካችው፤ ዐሥር ከግማሽ። ጻፈችው።

«እቴቴ፣ ንግግሬን ላሰማሽ» አለችና እንደ ልማዷ ወለሉ ላይ፣ በአክስቷ ጉልበቶች መሀል ቁጭ አለች። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ከአክስቷ ጋር የምታወራው እዚያው ተቀምጣ ነው።

ንግግሩን ጀመረች። ከርዳዳ ጸጉር ለምን እንደሚንጨባረር፣ ዘለላዎቹ ተያይዘው ሲደርቁ እንዴት ጥቅልል እንደሚሠሩ፣ በደረቁ ከተበጠሩ ደግሞ እንዴት እንደሚበታተኑ አንድ በአንድ አስረዳች። አክስቷ «እህ»፣ «አይ ልጄ»፣ «እውነትሽን ነው» እያለች በአድናቆት ሰማች። እሷም በራሷ ንግግር ሞቅ ብሏት እጇን እያወናጨፈች ቀጠለች። ልክ ስትጨርስ በሩ ተከፈተና ጠቅላይ ገባች። ገብታም ደርቃ ቀረች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ጠቅላይ።

«ምን ሆንኩ?»

«ጸጉርሽን ነዋ።»

ጎፈር እጇን ወደ ቀኝ ሰደደች። ጥቅልል የለም። እንደ ጥጥ የተፈታ ጸጉር ነው የጨበጠችው። ዞር ስትል አክስቷ ሚዶዋን እንደያዘች ሚዶዋን ታያለች፤ ሌላ ሰው አምጥቶ እጇ ላይ ያስቀመጠባት ይመስል።

«ወይኔ ልጄን» አለች አክስቷ ቀስ ብላ። «እኔ አይደለሁም። እጄ ነው።»

ሃያ ዓመት ሰው ሲያበጥር የኖረ እጅ፣ ራስ ፊቱ ሲቀመጥለት ምን ያድርግ? ጎፈርም ብትሆን ሚዶ ለምዳ ያደገች ናት፤ ሲያልፍባት አልተሰማትም። በደረቁ የማይበጠረው ለምን እንደሆነ እያስረዳች በደረቁ ተበጠረች። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ በሳቀች። አሁን ግን እንባዋ መጣ፤ ሰዓቱ ሁለት ሆኗል፤ ውድድሩ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጸጉሯ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ በራሱ እስኪደርቅ አራት ሰዓት ይፈልጋል። ጸጉር ቤት ድረስ ሄዶ ማድረቂያው ካስክ ስር ለመቀመጥም ጊዜ የለም።

«አታልቅሽብኝ» አለች አክስቷ የጸጉር መጠቅለያ ካውያዋን ከመሳቢያ እየመዘዘች። «በሃያ ደቂቃ ጠቅልዬ አወጣሻለሁ። ከጄሉ ማንም አይለየውም።»

«ይሄማ ማጭበርበር ነው» አለች ጎፈር።

ጠቅላይ ቦርሳዋን ወርውራ ፊቷ ቁጢጥ አለች። «ስሚኝ። ጄሉ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?»

«ሠርቷል።»

«ጠዋት ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እና የጠፋውን መመለስ ምኑ ነው ማጭበርበር? በናትሽ፣ ለስድስት ሳምንት ተልባ የጨመቅነው ለዚህ ነው?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?»

«ይጥራ። እኛ የምንፈልገው ውጤት እስኪነገር፣ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።»

ጎፈር ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋን እንደ እሺታ ቆጠሩትና ካውያው ጋለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀኝ ወገኗ ጄሉ ሠርቶት የማያውቀውን ሠራ። ጥቅልሎቹ ሁሉ እኩል፣ ሁሉ የሚያብረቀርቁ፣ አንድም የወጣ ዘለላ የሌለባቸው። «ፏ ብለሻል አቦ» አለች ጠቅላይ። መስታወቱም ያንኑ አለ። ጎፈር ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ አሳፈራት።

አዳራሹ ሲደርሱ የወንበር መጎተት፣ የልጆች ጫጫታ፣ የሙጫ ሽታ ተደበላልቆ ጠበቃቸው። አንዱ ከሎሚ መብራት ያበራል። ሌላዋ የሠራችው እሳተ ገሞራ ቀድሞ ፈንድቶባት ጠረጴዛ ትጠርጋለች። ጎፈር ግን ግማሽ ራሷን አንጨባራ፣ ግማሹን አንቆጥቁጣ ስትገባ መንገድ ተለቀቀላት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠረጴዛቸው በሰው ተከበበ። የጄሉ ብልቃጥ፣ ፎጣው፣ ውሃ መርጫው፣ ክሩ፣ የሥዕል መግለጫው ሁሉ ተሰናድቷል። ያ አራተኛ ክፍል ስም ያወጣላት ልጅ ሳይቀር መጥቶ «ለእህቴ አሠራሩን ጻፊልኝ» አላት።  በሕይወቷ ይህን ያህል ሰው ጸጉሯን በምቀኝነት አይቶት አያውቅም።

ዳኛዋ የመጡት አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ኬሚስት ናቸው፤ ጸጉራቸው አጭርና ሽበት፣ ዓይናቸው ከመነጽራቸው በላይ የሚያይ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንስተው አነበቡ። «ሸተተ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ።

«ይሄን አልደበቃችሁትም» አሉ። «ጥሩ። ልለካው?»

«ይለኩት» አለች ጠቅላይ ፈጥና።

ዳኛዋ ክሩን ከጎፈር ቀኝ ጆሮ በላይ እስከ ጸጉሯ ጫፍ ዘረጉ። «ሰባት» አሉ። ወደ ደብተሩ ተመለሱ። «የእስካሁኑ ሁሉ ዐሥራ አንድ አካባቢ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ዐሥር ከግማሽ ትላላችሁ። አሁን ሰባት። ምን ለወጣችሁ?»

ጎፈር ወደ ጠቅላይ ዞረች።

«ተልባውን ጨመርነው» አለች ጠቅላይ ዓይኗን በጨው አጥባ። «በፊት ሩብ ኩባያ ነበር። ትናንት ግማሽ አደረግነው።»

«ለዚያው ለሁለት ኩባያ ውሃ?»

«አዎ።»

ዳኛዋ ከቦርሳቸው የግላቸውን ማስታወሻ አወጡ። «ይሄኛው ለውድድሩ አይደለም፤ ለራሴ ነው» አሉ እየጻፉ። «የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። እናቷ በየሳምንቱ ትተኩሳታለች፤ እሷም በየሳምንቱ ታለቅሳለች። ዛሬ ከሰዓት እኔው እሠራላታለሁ። ግማሽ ኩባያ... ልክ እንዳንቺ ይሆንላት ይሆን?»

ጠቅላይ «በደንብ» አለች።

ጎፈር ድስቱ ታያት። ግማሽ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ሙጫ ነው፤ ስቶኪንግ አይደለም ብረት አይጨምቀውም። ልጅቷም ታየቻት፤ ጸጉሯ ተለጣጥፎ መስታወት ፊት ተቀምጣ፣ ካውያ የሠራውን ጥቅልል ከተልባ ስትጠብቅ። ሳይመጣ ሲቀር «የኔ ጸጉር እምቢ ባይ ነው» ትላለች። ጎፈር ይህን አባባል ታውቀዋለች። ስንት ዓመት ራሷ ብላዋለች።

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ውሃ መርጫውን አነሳች።

«ጎፈር» አለች ጠቅላይ ጥርሷን ነክሳ። «ተዪ።»

ጎፈር ዓይኗን ጨፍና ቀኝ ወገኗን ረጨችው። ደግማ ረጨች። ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ጥቅልል ለዘብ አለ፤ ተፈታ፤ ውሃው በአንገቷ ወረደ። 

«ይሄ በካውያ የተሠራ ነው» አለች። ልቧ ምን እንደነካው እንጃ ይጨፍራል። «የጄሉ ዐሥር ከግማሽ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ከለካሁት በኋላ በሚዶ ፈረሰ። አሁን እዚሁ ልሥራው፤ ሲደርቅ ይለኩት።»

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ሰዓት።»

«ውጤት የሚነገረው ስድስት ሰዓት ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«ዐውቃለሁ።»

ጠቅላይ አንገቷን ደፋች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።  ከዚያ ማንንም ሳታዝ እጇን ዘርግታ የጄሉን ብልቃጥ ከፈተችና ጎፈር ፊት አስጠጋችው።

ጎፈር መዳፏን ሞልታ ዘገነች፤ ራሷን ዘንበል አድርጋ የመጀመሪያውን ዘለላ በጣቶቿ መሀል ያዘች።

«ግማሽ የሚለውን ይሰርዙት» አለች ለዳኛዋ። «ሩብ ኩባያ ነው። ትኩሱን ይጥለሉት። ከተቀባች በኋላ ደግሞ እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካት፤ እርስዎም ጭምር።»

ዳኛዋ ሰረዙት። ክሩን በእጃቸው እንደያዙ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።