ከበር የተመለሰው ምሳ ዕቃ

በ1970 ዓ.ም. ሁዳዴ ጾም፣ ታየች ዳባት በምትገኘው ጠባብ ቤቷ ደባርቅ ለታሰረው ባሏ አዚፋ ትሠራ ነበር። መምህር ላቀው ጨጓራ አለበት፤ በርበሬ የነካው ነገር ከቀመሰ ደም ያስመልሰዋል። ስለዚህ ታየች ምስሩን ቀቅላ ታደቅቀዋለች፤ ቃሪያና ሰናፍጩን ትታ በሽንኩርትና በዘይት ብቻ ትለውሰዋለች፤ ከጓሮዋ የቀነጠሰችውን ሰላጣና የተቀቀለ ቀይ ሥር ትጨምርበታለች። ሲቀዘቅዝ ምሳ ዕቃው ውስጥ ከድና፣ በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና ታደርስለታለች። ስንቅ የሚገባው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ብቻ ነበርና፣ ሳይበላሽ የሚሰነብት ሌላ ምን ልትሠራለት ትችላለች?

በእስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ አምጪው ራሱ መቅመስ ነበረበት። ታየች ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ በአፏ አይዞርም። የምትቀምስላት ለጾም ያልደረሰችው ልጃቸው ስጦታ ነበረች፤ ማንኪያዋን ይዛ «እኔ ልቅመስ፣ እማዬ!» እያለች ትዘላለች። አባቷን የምታስፈታው ይመስላት ነበር፣ ምስኪን!

አንድ ዓርብ ስጦታን ትኩሳት ጣላት። ታየች ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ብቻዋን ሄደች።

«ቅመሺ!» አላት ዘበኛው።

«ወንድሜ፣ ጾም ይዣለሁ። ቅዳሴ ሳይወጣ እንዴት አድርጌ? በእመቤታችን፣ ዛሬን እለፈኝ!»

«ካልቀመስሽ አይገባም።»

አንዲት ማንኪያ እኮ ናት! እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ... ተመለሰ። «ሰኞ አስገባለታለሁ፤ እስከዚያ ጓደኞቹ ያካፍሉታል» ብላ ራሷን አጽናናች። የጓደኞቹ ስንቅ ሁሉ በርበሬ መሆኑን እያወቀች! ወይ ታየች!

ሰኞ ስጦታ ተሽሏት አብራ መጣች። ዘበኛው ሳይጠይቃት ሞልታ ጎረሰች። እሱ ግን ምሳ ዕቃውን አልተቀበለም፤ የላቀውን ጋቢ አምጥቶ ለታየች አስታቀፋት።

«ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ።»

«ቀምሻለሁ እኮ!» አለች ስጦታ፣ አፏ እንደሞላ። «ለምን አይገባም?»

ታየች እዚያው መሬት ላይ ተዘረጋች።

ኋላ ከላቀው ጋር ታስሮ የተፈታው ያርጋል ነገራት። ላቀው እሑድ እስኪወስዱት ድረስ እህል አልቀመሰም፤ ዐይኑን ከበሩ ሳይነቅል «ታየች ምን አገኛት?» እያለ ስለ እሷ ነበር የሚጨነቀው።

አቤት ዕጣ! ባል የሚነጥቅ መንግሥት አይበቃ ኖሮ፣ አንዲት ማንኪያ ምስርም ለጸጸት ትቀራለች? ታየች እያነባች ነፍስ አባቷ ቄስ ወልደ ገብርኤል እግር ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ብቀምስ ኖሮ ይኮንኑኝ ነበር?»

ቄሱ ደግፈው አነሷት።

«ልጄ... ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ቅመሺለት ባልኩሽ ነበር» አሏት።