የጋሽ ወልደኪዳን ፎጣ

ጋሽ ወልደኪዳን የሞቱት በገዛ ምግብ ቤታቸው፣ እጅ መታጠቢያው ሥር፣ ሲመኩበት በኖሩት የፎጣ ማሽን ግርጌ ነው። ረዳት ኢንስፔክተር ሥርጉት ስትደርስ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከጣሪያው ላይ አልቀለጠም። አስከሬኑ ግድግዳውን ተደግፎ በጎኑ አጋድሏል። ግንባራቸውን የመታጠቢያው ጠርዝ ፈንክቶታል። አንገታቸው ላይ ደግሞ የማሽኑ ረጅም ፎጣ ደጋግሞ ተጠምጥሟል።

ማሽኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ነጭ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከላይ ንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጥበታል። እጁን የታጠበ ሰው ሳብ ሲያደርገው ንጹሑ ይወርዳል፤ የተጠረገበት ከታች ወደ ሳጥኑ ሆድ ገብቶ ይጠቀለላል። አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል አውጥቶ ሊጥለው ሲል ጋሽ ወልደኪዳን ለምነው አመጡት።

«የማንም እድፍ ለማንም አይታይም» ይሉ ነበር ለእንግዳው ሁሉ። «ማሽኔ ዋጥ ያደርግና ዝም ነው። እንደ እናንተ ወሬኛ መሰላችሁ?»

ሥርጉት ከእነዋሪ ተዛውራ ከመጣች ጀምሮ ምሳዋን የምትበላው እዚያ ነው። ፎጣውን ጠበቅ አድርጋ ስትስብ፣ «ቀስ፣ ኢንስፔክተር! ሌባ አይደለም የያዝሽው» ይሏት ነበር። አሁን አጠገባቸው ተንበርክካ ፊታቸውን ለማየት አቅም አጣች፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፎጣውን አየች።

«ታንቀው ነው» አሉ ከኋላዋ የቆሙት ኮማንደር ገብረመንፈስቅዱስ። «ሴትዮዋን ይዘናታል።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ፎጣ አጣቢዋን፣ ዘርትሁንን። ያቺ ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ ካምፕ ያለችው። እጇ ከሰል በከሰል ሆኖ ተገኘ። ይኸው ፎጣው ላይ ጥቁር የጣት ምልክት አለ። ትናንት ምን ስትሠሪ ነበር ስንላት ዝም! ንጹሕ ሰው ለምን ዝም ይላል?»

ሥርጉት ሁለት ጣቶቿን በፎጣውና በአንገታቸው መካከል አስገባች። ያለ ችግር ገቡላት። ቆዳው ላይ የመታነቅ ምልክት የለም። ፎጣው በአንድ ጠርዙ ብቻ ሰማያዊ መስመር አለው፤ በየዙሩ መስመሩ ወደ ላይ፣ ወደ አገጫቸው ዞሮ ተስተካክሏል። ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ጥቁሩን ምልክት ፈተገችው። ሶፍቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«ከሰል አይደለም ጌታዬ። ከሰል ሲፈትጉት ይለቃል። ይሄ ክሩ ውስጥ ገብቷል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እስቲ ልየው።»

የማሽኑ በር ተከፍቷል፤ ቁልፉ እላዩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ንጹሕ ጥቅል ሳይገባ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ወልደኪዳን ምግብ ቤቱን ሲዘጉ ያደፈውን አውጥተው ንጹሑን የሚያስገቡት ራሳቸው እንደነበሩ ታውቃለች፤ ማሽኑን ለሌላ ሰው አያምኑም ነበር። አንገታቸው ላይ ያለውን ያደፈ ፎጣ ከጫፉ ጀምራ በዓይኗ ተከተለችው። መጨረሻ ላይ የተጠረገው ከጫፉ ይጀምራል፤ ወደ ኋላ በሄደች ቁጥር ወደ ቀኑ ትመለሳለች። የሳሙና እርጥበት፣ የሽሮ ወዝ፣ የአንዲት ሴት ከንፈር ቀለም፣ እንደገና ሽሮ። ጥቁሮቹን ጣቶች ያገኘቻቸው እነዚህን ሁሉ አልፋ፣ ወደ እኩለ ቀኑ ስትጠጋ ነው።

ከጓዳ በኩል ልቅሶ ተሰማ። የሟቹ ታላቅ እኅት፣ የወጥ ቤቱ አዛዥ እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ጥቁር ነጠላ ለብሰው ደረታቸውን ይመታሉ።

«ለማንኛችሁ ላልቅስ! ኧረ እኔ ለማንኛችሁ ልሁን!»

ሥርጉት ትከሻቸውን አቀፈች። ነጠላው አዲስ የተነከረ ከል ነው፤ የቀለሙ ሽታ ገና አልጠፋም። ግን ደርቋል።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«አሞኝ ገና በጊዜ ተኛሁ፣ የኔ ልጅ። ምንም አልሰማሁም።» እጃቸውን ከነጠላው ሥር አላወጡም።

አዲሱ የሚባለው የሟቹ የወንድም ልጅ፣ የምግብ ቤቱ ኃላፊ ነው። አስከሬኑን ያገኘው እርሱ ነው። ጢሙን ሳይላጭ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በረንዳ ላይ ቆሟል።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ጋራዥ።»

«የትኛው ጋራዥ?»

«እ… መንገድ ዳር ያለው።»

«ለቃለ አብ ደወላችሁለት?» ቃለ አብ የጋሽ ወልደኪዳን አንድ ልጅ ነው፤ በከባድ መኪና ወደ ኮምቦልቻ ይመላለሳል።

«አዎ። እየመጣ ነው።»

«ከየት?»

አዲሱ መሬት መሬት አየ። «ከመንገድ» አለ።

ጣቢያ ስትመለስ ዘርትሁን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ቀጭን ሴት ናት፤ ስትናገር ድምፅዋ ከራሷ እንኳ አያልፍም።

«ልጆችሽ የት ናቸው?»

«ካምፕ። ጎረቤት ዘንድ።»

«ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡሽ ነው። ጋሽ ወልደኪዳንን ገድለሻል ነው የሚሉት። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ገድለሻቸዋል?»

«እንጀራ የሰጡኝን ሰው?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አልጠረገችውም።

«እንግዲያው ተናገሪ! ከሰሉን ለምን አቀጣጠልሽ?»

ዘርትሁን ቀና ብላ፣ «እትዬ ወለተሐና ከአንኮበር ተመለሱ?» ስትል ጠየቀች።

ሥርጉት ብዙ እስረኛ አይታለች። መቼ እፈታለሁ የሚል፣ ማን ጠቆመብኝ የሚል፣ ውኃ የሚል። ስለ ሌላ ሰው መመለስ የጠየቀ ግን አላጋጠማትም።

የሟቹ ባለቤት እትዬ ወለተሐና ጸበል ለመጠመቅ አንኮበር ሰንብተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ደረሱ። «ባለቤትዎን ትንሽ አመማቸው» ተብለው ነው የመጡት፤ ድንኳኑን ከሩቅ ሲያዩት ግን ከመኪናው ሳይወርዱ ጮኹ። የጸበሉ ጀሪካን ከእጃቸው ወደቀ። ሰው ደግፎ አስገባቸው፤ አለቀሱ፤ ድምፃቸው ሲዘጋም ዙሪያቸውን አዩ።

«ልጄስ? ቃሌ የት አለ? አባቱ ሞቶ እንዴት አልመጣም?»

«ስልኩ አልሠራ ብሎ ነው» አሉ እትዬ ለተጊዮርጊስ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ አዲሱ፣ እኩል።

በዚያው ቅጽበት አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በበሩ አለፈ። እትዬ ወለተሐና ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። ሥርጉት ግን እርሳቸውን ትታ ሌሎቹን አየች። እትዬ ለተጊዮርጊስ አንገታቸውን ደፉ። አዲሱ ዓይኑን ጨፈነ። ከቤተ ዘመዱ አንድም ወደ በሩ ያየ የለም።

ሥርጉት ወደ ውጭ ወጥታ፣ ኮምቦልቻ መንገድ ላይ ወዳለው ደብረ ሲና ፖሊስ ደወለች። ያነሣው ሰው የቃለ አብን ስም እንደሰማ፣ «ለቤተሰቡ እኮ ነግረናል፤ ትናንት ቀትር ላይ ለአጎቱ ልጅ» አላት።

ከዚያ በኋላ ለመረዳት የቀራት ነገር አልነበረም። የቀራት እንዴት እንደምትናገረው ነበር። ዝም ካለች ዘርትሁን ነገ በነፍስ ግድያ ዳኛ ፊት ትቆማለች። ከተናገረች ደግሞ አንዲት እናት ሰው የፈራላትን ነገር ከፖሊስ አፍ፣ ከጥያቄና መልስ መሐል ትሰማለች።

ኮማንደሩ ቢሮ ገባች። «ጌታዬ፣ ፍርድ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እጨርሳለሁ። ግን ጎሕ ሲቀድ ዘርትሁንን ይዤ ለቅሶ ቤት ልሂድ። እርስዎም ይምጡ። ጋቢ ደርበው።»

«ጋቢ ለምን?»

«መርዶ ስለሆነ።»

ኮማንደሩ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት አነሡ። «የሐኪሙ ቃል አሁን ደረሰኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልታነቁም። ልባቸው ነው የቆመው። ግን ሰው አስደንግጧቸው፣ ገፍቷቸው ቢሆንስ? አስረጅኝ፤ እፈታታለሁ።»

ሊነጋ ሲል የንስሐ አባታቸው ቄስ ብርሃነ መስቀል ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጎረቤቱ ቀስ እያለ ገባ። ዘርትሁን በሩ ሥር ቆመች። እትዬ ወለተሐና በዚያ ሰዓት የገባውን ሰው ብዛት አይተው ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

ሥርጉት ከጎናቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ጋሽ ወልደኪዳንን ሰው አልገደላቸውም። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። ፎጣው አንገታቸው ላይ የላላ ነበር። ሰማያዊው መስመር በየዙሩ ወደ ላይ ዞሯል። የሚያንቅ ሰው ጠርዝ አያስተካክልም። ጠርዙን እንደዚያ ወደ አንገቱ አዙሮ የሚለብስ ማን ነው?»

«ሐዘንተኛ» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ። ነጠላም ጋቢም ለሐዘን ሲለበስ ጥለቱ ወደ አንገት እንደሚወጣ የማያውቅ እዚያ አልነበረም።

«አዎ። ራሳቸው ናቸው የለበሱት። ፎጣው ላይ ጥቁር የእጅ ምልክት ነበር፤ በከሰል ምክንያት ዘርትሁን ተያዘችበት። ግን ከሰል ሳይሆን ቀለም ነው፣ ከል። ከእርሱ በኋላ ብዙ እንግዳ ተጠርጎበታል። ስለዚህ ምልክቱ ያረፈው ምግብ ቤቱ ሰው ሞልቶት ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ ነጠላዎ ጋሽ ወልደኪዳን በተገኙበት ጠዋት ደርቆ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ከሰዓት በኋላ የተነከረ ነጠላ በአንድ ሌሊት እንዲሁ አይደርቅም። ከሰል ላይ ደረቀ። ከሰሉን ያቀጣጠለችው ዘርትሁን ናት።»

እትዬ ለተጊዮርጊስ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አወጡ። ጣቶቻቸው እስከ አንጓው ጥቁር ነበሩ።

«እንግዳ ጠራኝ» አሉ። «በጥድፊያ ታጠብኩ፤ አልለቅ አለኝ። ተጠረግሁበትና ጥቁሩ እስኪገባ ፎጣውን ሳብኩት። የገባ ነገር የጠፋ መሰለኝ። ወንድሜ ማታ እንደሚከፍተው እንዴት ረሳሁ!»

«ከፈቱት» አለች ሥርጉት። «ያደፈውን ሲያወጡ የእኅታቸውን ጥቁር ጣቶች አገኙ። በቤታቸው ከል ተነክሯል፤ ለእርሳቸው ግን የነገራቸው የለም። ሐዘን የሚደበቀው ከባለ ሐዘኑ ነው። ማንንም ጠርተው አልጠየቁም። ፎጣውን ለበሱት፤ እዚያው ልባቸው ቆመ፤ ሲወድቁ ግንባራቸውን መታጠቢያው መታው። ዘመዶችዎ የዋሹኝ ወንጀል ሊሸፍኑ አልነበረም። እርስዎ ከአንኮበር እስኪመለሱ እየጠበቁ ነበር።»

«ለማን?» አሉ እትዬ ወለተሐና። «ለማን ነው ከል የተነከረው?»

ዓይናቸው ከሰው ሰው ተንከራተተ፤ አዲሱ ላይ ሲደርስ አዲሱ ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ቄስ ብርሃነ መስቀል ተነሡ።

«ወለተሐና፣ ልጄ፣ በርቺ። ቃለ አብ ከጣርማ በር ቁልቁለት መኪናው ተገልብጦ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

የዚያን ጩኸት ሥርጉት እስከ ዛሬ በሰው ፊት አታነሣውም። እትዬ ለተጊዮርጊስ «ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ!» እያሉ መሬት ሲወድቁ ሁለት ሴቶች ያዟቸው። ኮማንደሩ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። እትዬ ወለተሐና ግን ትንፋሽ ሲያገኙ በሩ ሥር የቆመችውን ሴት አዩ።

«ዘርትሁን፣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እያወቅሽ ታሰርሽ? አንድ ቃል ብትናገሪ ይፈቱሽ አልነበረም?»

«ያንን ቃል ሰው ሳይሰበሰብልዎ፣ ሳይቀመጡ፣ ከመንገድ እንዳይሰሙት ብዬ ነው።» ዘርትሁን መሬቱን እያየች ቀጠለች። «እኔ መኪና ላይ ተጭነን ስንመጣ ነው የሰማሁት። ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ሰው ‹ባልሽ ሞቷል› አለኝ፤ ተቋረጠ። ልጆቹ ጭኔ ላይ ተኝተው ነበር። እንዳይነቁ ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም እንዳልኩ ነኝ።»

«አላለቀስሽም?»

«የት ብዬ? በማን ቤት?»

እትዬ ወለተሐና እጃቸውን ዘረጉላት። መጥታ አጠገባቸው እስክትቀመጥ ድረስም አላጠፉትም።

«ማን ይባል ነበር?»

«ዋሴ።»

እትዬ ወለተሐና ዓይናቸውን ጨፍነው ልቅሶውን ራሳቸው አነሡት። «ወልዴ!» አሉ። «ቃሌ!» አሉ። ከዚያ የዘርትሁንን እጅ ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ አይተውት የማያውቁትን ሰው ስም እንደ ልጃቸው ስም ጠሩት። «ዋሴዬ!»

ሰውም ተቀብሎ «ዋሴዬ!» አለ። ያን ጊዜ ያቺ ድምፅዋ ከራሷ የማያልፍ ሴት ጮኸች፤ ጩኸቷም ከቤቱ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።